እኔ ስፈተን አንተ የሞትክ ዕለት

መሐል ሜዳ፣ ግንቦት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ጂንካ፣ በመንገድ ሥራው ካምፕ ለሚገኘው ለወንዳፈራሁ አወቀ፣

እንደምን አለህ? ለወጉ ብዬ አይደለም የምጠይቅህ፤ መኖርህን እርግጠኛ ልሁን ብዬ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ሞተህ ነበርና። ድንኳን ተተክሎልሃል፣ ንፍሮ ተቀቅሎልሃል፣ እኔም መሬት ላይ ተንከባልዬ አልቅሼልሃለሁ።

ከስምህ ፊት «ውድ» የሚል ጽፌ ነበር። ከሰኔ ሚካኤል በኋላ በሽማግሌ ፊት ንብረት ሊካፈሉ የተቀጣጠሩ ባልና ሚስት «ውድ» ይባባላሉ ወይ ብዬ ግራ ገባኝና ወረቀቱን ቀየርኩት። አሁን ደግሞ ምነው ባልቀየርኩት እላለሁ። ዘንድሮ ግራ የሚገባኝ ነገር በዝቷል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ፣ ምናልባት ስጽፈው ለእኔም ይገባኝ ይሆናል።

ያንን ወፍራም መጽሐፍ ታስታውሰዋለህ፤ አንተ «እንግዳችን» የምትለውን። «ሳይበላ የማይሄድ፣ በልቶም የማይሄድ እንግዳ» እያልክ ስትስቅበት ኖረህ ኋላ ሳቁ ቁጣ ሆነ። ጥቅምት ላይ በሩን ዘግቼ ሳነብ አንኳኩተህ «ከአንቺ ጋር ለመነጋገር ቀጠሮ ልያዝ?» አልከኝ፤ እኔም ቀና ሳልል «ያዝ» አልኩህ። ቅዳሜ ሻንጣህን ይዘህ ወደ ሥራህ ወጣህ። ስደውል አታነሳም፣ ስትደውል አላነሳሁም፤ ማን እንደጀመረው እንኳ አሁን ተምታቶብኛል።

ይህ የፕሮጀክት ማኔጅመንት የምስክር ወረቀት ፈተና ምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠይቀኸኝ በቅጡ ያልመለስኩልህ ስለናቅኩህ አልነበረም፤ ስላልገባኝ ነው። አንድ ሥራ ይሰጡሃል፤ ሥራው ይበላሻል፤ ከዚያ «መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ይሉሃል። አራት ምርጫ አለ፣ አራቱም ትክክል ናቸው። ከትክክሎቹ ውስጥ ይበልጥ ትክክል የሆነውን ምረጥ ነው የሚሉህ። እንደ መንዝ ልጅ ስመልስ እሳሳታለሁ፣ እንደ መጽሐፉ ስመልስ አገኛለሁ፤ እንደገና ስሞክረው ደግሞ ይገለበጥብኛል። አንድ ቀን በመለማመጃው ላይ፣ የምትዘረጋው የውኃ መስመር የሚያልፍበት መሬት ባለቤት አላሳልፍም ቢልህ ምን ታደርጋለህ የሚል መጣ። ሽማግሌ እልካለሁ የሚለውን ምርጫ ስፈልግ ዋልኩ። የለም! አራቱን ምርጫ ገልብጬ ሁሉ አየሁት። ቢሮ ያሉት ልጆች ሳቁብኝ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ያ ሰውዬ ያለ ሽማግሌ እንዴት መሬቱን እንደሰጠ አልገባኝም።

ፈተናው የሚሰጠው እቤት ነው። አዎ፣ እዚሁ ሳሎናችን ውስጥ። ፈታኙ የት አገር እንዳለ እግዜር ይወቅ፤ በኮምፒውተሩ ካሜራ ያይሃል። ክፍሉ ባዶ መሆን አለበት፤ ግድግዳው ላይ ነገር መኖር የለበትም፤ ሰው መግባት፣ ድምፅ መሰማት ክልክል ነው። አንድ ሰው ብቅ ካለ ፈተናው ተሰረዘ ማለት ነው። መሐል ሜዳ ውስጥ ሰው የማይገባበት ቤት ከየት ይመጣል? የእኛን ቤት ደግሞ ታውቀዋለህ፤ እርሾ የሚፈልግ፣ ወንፊት የሚመልስ፣ እንዲያው ደኅና ዋላችሁ ወይ የሚል አይጠፋውም።

መጽሐፉ የሚያስተምረው አንድ ደግ ነገር አለ። ሥራህን ሊያሰናክል የሚችለውን ሁሉ ቀድመህ አስብ፣ ለእያንዳንዱ መላ አብጅለት ይላል። አበጀሁ። መብራት ቢጠፋ፣ የላፕቶፑ ባትሪ እስከ አፉ ተሞልቷል። ኢንተርኔቱን መሥሪያ ቤቴ ባዋሰኝ፣ ላፕቶፑ ላይ በሚሰካ ዶንግል አገኛለሁ። በጎቹ እንዳይጮሁብኝ ዋዜማውን ቀየት ወደምትኖረው እህቴ ተነዱ፤ ውሻውም አብሯቸው ሄደ። ሰው ቢመጣ ደግሞ እናትህ በር ላይ ይቀመጣሉ። ለማንም እንዳልናገር የመከሩኝም እሳቸው ናቸው። «ዓይን አለ ልጄ። ካለፍሽ ያን ጊዜ እኔው ራሴ እለፍፈዋለሁ፤ ከወደቅሽ ደግሞ አልተፈተንሽም» አሉኝ። ይህም ብልህ ምክር መሰለኝ።

ሰኞ ከሰዓት ሳሎኑን ባዶ አደረግሁት። ቁምሳጥኑን፣ አልጋውን፣ ወንበሮቹን፣ የእናትህን አጎዛ ሳይቀር ግቢ አውጥቼ ከለልኩት። በርጩማዋ ላይ ቆሜ የሠርጋችንን ፎቶ ከምስማሩ አወረድኩና በነጠላ ጠቅልዬ ጓዳ አስገባሁት። እመቤታችንን ግን እናትህ አላስወርድ አሉ። «ያ ፈታኝ ከሷ ከተጣላ ከእኔም ተጣላ» ብለው ሥዕሉ ሥር ቆሙ። ማክሰኞ ጠዋት ፈታኙ ላፕቶፑን እያዞርኩ ክፍሉን እንዳሳየው ሲያዘኝ ሥዕሏ ላይ ደረሰና «ያ ምንድን ነው?» አለ። «የአምላክ እናት ናት» አልኩት። «እሺ፣ ቀጥዪ» አለኝ። የጆሮ ጌጤንና ሐብሌንም አውልቄ እንድጥል አዘዘኝ፤ በሩን ከፈት አድርጌ ለእናትህ በእጃቸው አቀበልኳቸው።

እንግዲህ አሁን አንተ እትዬ ወለተ ኢየሱስን ሁንልኝና በአጥራቸው በኩል ተመልከት። ሰኞ ዕለት የቤት ዕቃ ለለቅሶ ቤት እንደሚወጣው ሁሉ ግቢ ወጥቶ አዩ። በጎቹ ከነውሻው ከቤት ተነዱ። የሠርጋችን ፎቶ በነጠላ ተጠቅልሎ ሲያልፍ አዩ። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ በር ተዘግቷል፣ እናትህ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል፣ ምራትየዋ በበሩ ክፍተት ጌጧን አውልቃ ትሰጣለች። ጉም ወርዶ ብርዱ ለጉድ ነበርና እናትህ ባናቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል፤ ዓይናቸው ደግሞ በብርድ እንደሚያለቅስ ታውቃለህ። እትዬ ወለተ ኢየሱስ «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ማለት የሚወዱ ሰው ናቸው። መጥተው ጠየቁ። የተነጋገሩትን እናትህ እንደነገሩኝ ልጻፍልህ።

«ምነው እማማ፣ በደኅና ነው?»

«ቀስ በይ፣ ውስጥ ናት። እስክትጨርስ ድረስ ማንም እንዳይገባባት፣ ምንም እንዳትሰማ።»

«ምኑን ነው የምትጨርሰው?»

«እሱን ከእኔ አፍ አታገኚውም። ኋላ ሁላችሁም ትሰማላችሁ።»

እትዬ ወለተ ኢየሱስ ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ ቢያስጠጉ ሳነበንብ ሰሙኝ። ጥያቄውን እንደ ቆሎ ተማሪ ድምፄን እያወጣሁ ስለማነብ ነው። ወዲያው ነገሩ በራላቸው። እናትየው መርዶውን ሰምተዋል፣ ምራትየዋ ገና አልሰማችም፤ አሮጊቷ ኀዘናቸውን በሆዳቸው ይዘው፣ ሰው በድንገት እንዳይነግርባት በር ይጠብቃሉ። ማን ይሆን የሞተው? ይህ ደግሞ ምን ያጠያይቃል። ከጥቅምት ወዲህ ድምፁ ያልተሰማ፣ በሩቅ አገር ድንጋይ ሲያፈርስ የሚውል ማን አለን?

እትዬ ወለተ ኢየሱስ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በቀጥታ ወደ እድራችን ዳኛ ወደ አቶ መርስዔ ኃዘን ሄዱ።

አቶ መርስዔም ያው የእኛን የፍቺ ነገር የያዙት ሽማግሌ ናቸውና ክፉኛ ደነገጡ አሉ። «ሳላስታርቃቸው!» ብለው ግንባራቸውን መቱ። ከዚያ የእድሩን ድንኳን አስጫኑ፣ የንስሐ አባታችንን አስጠሩ። ሰውም አንድ በአንድ፣ ጫማውን ሳያሰማ ግቢያችን ገባ። እናትህ ይህን ሁሉ ሲያዩ ምን መሰላቸው? ምስጢሬ ወጥቶ አገሩ ውጤቴን ሊሰማ የመጣ መሰላቸዋ! እንዲያ ጸጥ ብሎ መቀመጡ ልባቸውን ነካው። ድንኳኑን ሲያዩ ግን «ገና ሳይታወቅ ድንኳን ምን ያደርጋል?» ብለው ጠየቁ። አቶ መርስዔ እጃቸውን ይዘው «አይዞዎት እማማ፣ ሥርዓቱ ነው። እርስዎ ብቻ ይበርቱ» አሏቸው። እናትህ «ሰው እንዲህ ይወድሻል ለካ» ሲሉኝ ኋላ፣ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ መለየት አቃተኝ።

እኔ ውስጥ ነኝ። ከማያው ላይ ዓይኔን ካነሳሁ ፈታኙ ይቆጣል፤ ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ አይቶ «አፍሽን ዝጊ» ብሎኛል። ከውጭ ሳል እሰማለሁ፤ የአንድ ሳይሆን የብዙ ሰው ሳል። ብረት ድንጋይ ሲነካ ይሰማኛል፣ እንጨት ሲመታ ይሰማኛል። ጎረቤት አጥር የሚያድስ መሰለኝና ረገምኩት፤ በዛሬው ቀን አጥር! ካስማው እየተመታ ሳለ አንድ ጥያቄ መጣ። የቡድንህ አንድ አባል ድንገት ዝም አለ፤ ስብሰባ ይቀራል፣ ስልክ አያነሳም። መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? አንደኛው፣ ለአለቃው አሳውቅ። ሁለተኛው፣ በሌላ ሰው ተካው። ሦስተኛው፣ ሥራውን ለሌሎች አከፋፍል። አራተኛው፣ ለብቻው አግኝተህ ምን እንደሆነ ጠይቀው። ወንዳፈራሁ፣ መልሱን አወቅሁት። ምንም አላንገራገርኩም፤ አራተኛውን ነካሁና አለፍኩ። ካለፍኩት በኋላ ግን የሚቀጥለውን ጥያቄ ደጋግሜ ባነበው አልገባ አለኝ። ጥቅምት ላይ ይህን ማን ጠይቆኝ በነበረ አልኩ። ፈታኙ ምን ሆንሽ ሳይለኝ ዓይኔን ጠረግሁ።

ስጨርስ ማያው ነጭ ሆነ። ረጅም ጊዜ ነጭ ሆኖ የቆየ መሰለኝ። ከዚያ ውጤቱ መጣ። እሱን በቦታው እነግርሃለሁ፤ እስካሁን ምን እንደሆነ አታውቅምና። ብቻ አለቀስኩ። ፀጉሬን ስፈትል ውዬ ኖሮ ተበታትኗል፤ ጌጥ የለኝም፤ እንባዬ እየወረደ በሩን ከፈትኩ።

ግቢው ሙሉ ሰው ነው። ወንዱ ጋቢውን ለብሶ ቆሟል፣ ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቋል። ድንኳን አለ። ካህን አለ። በመካከል እትዬ ወለተ ኢየሱስ እንባዬን አይተው «አይ ልጄን! ታውቋት ኖሯል!» ብለው ደረታቸውን መቱ። አገሩ በአንድ ጊዜ ወይ ወይ አለ። አቶ መርስዔ ወደ እኔ ቀርበው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «እግዚአብሔር ያጽናሽ። ወንዳፈራሁ የሁላችንም ነበር» አሉኝ።

«ነበር» ሲሉ የበሩን መቃን ያዝኩ።

ያኔ በሐሳቤ የመጣውን ሁሉ አልጽፍልህም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ፤ ለካ ሁሉም ሲያውቁ ኖረው ፈተናዬን እስክጨርስ ደብቀውኛል ብዬ አመንኩ። እኔ እዚያ ተቀምጬ አንድን ከአራት ስመርጥ አንተ ሞተህ ቆይተሃል። እናትህም ዱላቸውን ጥለው «የእኔ ልጅ? የእኔን ልጅ ነው የሚሉት?» እያሉ በየሰው ፊት ዞሩ። ተያይዘን ወደቅን። ስምህን የሚጠራ ድምፅ ሰማሁ፤ የራሴ መሆኑን ግን አላወቅሁም ነበር። ያ ከአንተ ጋር ቁምሳጥን ሊካፈል የነበረ ሰው ድምፅ አይመስልም። ይህን የምጽፈው አፍሬ ነው፣ ግን እጽፈዋለሁ።

እትዬ ወለተ ኢየሱስ ሙሾ አወረዱልህ። ሲያለቅሱ የሚመጣላቸው ግጥም አገር ያውቀዋል፤

ድንጋዩን ፈንቅሎ መንገድ ሠርቶ ለአገሩ፣
ለራሱ ጠፋበት መመለሻው በሩ።

ሴቱ ሁሉ ተቀበለው። እኔም ተቀበልኩ።

ያዳነን የንስሐ አባታችን ናቸው። ቀድሞም በበዓለ ሃምሳ ይህን ያህል ማልቀስ አይገባም ብለው ፊታቸውን አኮሳትረው ነበር። ዞር ብለው አቶ መርስዔን «አስከሬኑ መቼ ይደርሳል? ፍትሐቱን የት እናድርግ?» ብለው ጠየቁ። አቶ መርስዔ እትዬ ወለተ ኢየሱስን አዩ። እትዬ ወለተ ኢየሱስ እናትህን አዩ።

«እማማ ናቸው የሰሙት» አሉ።

«እኔ? ከማን ነው የሰማሁት?»

«ኋላ ትሰማላችሁ አላሉኝም?»

«ፈተናዋን ነዋ! ምራቴ ስትፈተን ነው የዋለችው!»

ያን ጊዜ አንዱ «ታዲያ ማን ነው የሞተው?» አለ፤ የሚያውቅ ጠፋ። ፍርሃቱ ግን ከእኔ አልወጣም፤ አንዴ ገብቷልና። እናትህ ከመቀነታቸው ቋጠሮ ትንሿን ስልክ አወጡ። ለእኔ «ከእኔም ጋር አይነጋገርም» ሲሉኝ የከረሙት ሴት ቁጥርህን ሳያዩ ነኩት። ጆሯቸው ከበድ ስለሚል ድምፁን ከፍ አድርገው ነው የሚያወሩት፤ አገሩ በሙሉ እየሰማ ጠራ። አነሳህ።

«እማዬ? ፈተናው አለቀ እንዴ? አለፈች?»

ወንዳፈራሁ፣ ቀኑን ታውቀው ኖሯል። እሁድ እሁድ ከእናትህ ጋር እያወራህ፣ በጎቹ ወደ ቀየት እንደሚነዱ ሁሉ ታውቅ ኖሯል። እናትህ «አንተ ልጅ፣ አለህ?» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም። «ያ የሚያለቅስ ማን ነው?» አልክ። ስልኩን ሰጡኝ። እኔም ያው «አለህ?» ነው ያልኩህ። «አለሁ፣ አለሁ። አይዞሽ፣ ምንም አይደለም» አልከኝ፤ ሒሳቡም አልቆ ተቋረጠ። አንተ የምታጽናናኝ ወደቀች ብለህ ነው፤ እኔ የማለቅሰው ሞተ ብዬ ስለነበር ነው። እንዲህ ያለ ንግግር ሰምተህ ታውቃለህ?

ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ራሱን የቻለ ግራ መጋባት ነበር። ለኀዘንተኛ ቤት የመጣ እዝን ወደ ኋላ አይመለስ፤ ገደ ቢስ ነው። የተተከለ ድንኳንም በዚያው ዕለት አይነቀል። አባታችን ቆም ብለው አስበው «እንግዲህ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ ለምስጋና ብሉት» ብለው ባረኩ። ንፍሮውን በእልልታ በላነው። አንዳንዱ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይለኛል፣ አንዳንዱ ከልማዱ «እግዜር ያጥናሽ» ይለኛል፣ አንዱ ደግሞ ሁለቱንም አለኝ። እትዬ ወለተ ኢየሱስ ይቅርታ ሊጠይቁኝ መጥተው «ግጥሟ ግን መልካም ነበረች፣ አይደል?» አሉኝ። መልካም ናት አልኳቸው። እውነቴን ነው።

በማግስቱ አቶ መርስዔ ስለ ሰኔው ጉዳይ ሊያነጋግሩኝ መጡ። ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ «ልጄ፣ ነገሩ ከበደኝ። በአገር ፊት ባሏን ያለቀሰችን ሴት ከዚያው ባል ጋር እንዴት አድርጌ ነው ቁምሳጥን የማካፍላት? እንዲህ ያለ ነገር አባቶቻችንም አልገጠማቸው» አሉኝ። እኔም ምን ልበላቸው፤ ለእኔም ከብዶኛል። ከፈተናው ጋር ተያይዞ የቀረበልኝ የደብረ ብርሃን ሥራ መልሴን እስከ ሰኔ መጨረሻ ይጠብቃል፤ እናትህ «እኔን ይዘሽኝ ሂጂ» ይሉና ዞር ብለው «ግን በጎቹስ?» ይላሉ። ቁምሳጥኑ እስካሁን ግቢ ውስጥ ነው፤ ሸራ አልብሼዋለሁ። ላስገባው እልና ወደ ማን ድርሻ እንደማስገባው አላውቅም።

ይህን ሁሉ የምችለው ይመስለኝ ነበር፤ ረቡዕ ማታ ግን እናትህ ከአንተ ጋር ተነጋግረው ሲያበቁ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። «ደውሎ ነበር። ንገሪያት አለ። ወድቃም እንደሆነ ደግማ ትፈተን፤ በሚቀጥለው እኔ ራሴ መጥቼ በር ላይ እቀመጣለሁ፣ ማንም አያስቸግራትም ብሎሻል» አሉኝ።

«ማለፌን አልነገሩትም?»

«እኔ ስለ ፈተና ምን አውቃለሁ፣ በር ጠባቂ ነኝ» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

አዎ፣ አልፌያለሁ። በማያው ላይ ያየሁት እሱ ነው። ሦስቱንም ክፍል በጥሩ ውጤት። አሁን አወቅህ። አንድ ቀን ሙሉ ልንገረው አልንገረው ስል ዋልኩ፤ አንድ ሰው ፈተና አልፎ ምነው በወደቅኩ ሲል ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ ነኝ እንዲያ ያልኩት። ያንን በር ተዘጋብኝ ብለህ የሄድክ ሰው በሩን ልጠብቅልሽ ስትል፣ የሚጠበቅ ፈተና የለኝም። ግን ልዋሽህ አልሆነልኝም። ደግሞ ደስ ብሎኛል፤ ሳትኖር ደስ ማለቱ ጎደሎ ነው እንጂ ደስ ብሎኛል። ይህንንም እወቅልኝ።

ስለዚህ በር ጠብቅ ብዬ አልጠራህም። ያለኝ ጉዳይ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ለፈተናው ብዬ ያወረድኩት የሠርጋችን ፎቶ እስካሁን ጓዳ ውስጥ በነጠላ እንደተጠቀለለ ነው። ግድግዳው ባዶ ሆኖ ሰው ሁሉ በገባ ቁጥር ወደዚያ ያያል፤ ዳግመኛ ሌላ ወሬ ከመነሳቱ በፊት ቢሰቀል ጥሩ ነበር። ምስማሩን አንተ ነህ የመታኸው፤ በጣም ከፍ አድርገኸዋል። እኔ አልደርስበትም።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ወደዚያ የሚሄደው የአቶ መርስዔ የእህት ልጅ አፈወርቅ ነው፤ ሙሾህን በቃሉ ስለያዘው አታስነግረው፣ ያሾፍብሃል። እናትህ በጉልበታቸው ላይ ተደግፈው ይህን ስጽፍ ያያሉ፤ «የተወራበት ሞት ይማረው፣ ዕድሜውን የድንጋይ ያድርግለት» በይ ይላሉ። እኔም አሜን ብዬበታለሁ። እመቤታችን፣ ያ ፈታኝ ያላወረዳት እሷ፣ ከናዳና ከክፉ ፍንዳታ ትጠብቅህ።

ባለቤትህ
ጌታነሽ